የዝይዎቹ ማደሪያና የይስማው ደቦ

ጣና ዳር፣ በጥር ወር፣ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ አንድ ክንድ ከፍ ስትል፤ አንጓች ከአባቷ በደረሳት፣ ታንኳ በሚሠራበት የደንገል ሣር መግቢያ ላይ ታንኳዋን አጋድማ ተቀምጣበታለች፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ይስማው ደግሞ አንድ ኬሻ ሙሉ ማጭድ ተሸክሞ ፊቷ ተገትሯል፤ ሁለቱም ንዴታቸውን እንደያዙ ነው ያደሩት።

ይስማው፦ ተነሽ አልኩሽ እኮ፣ እታለም። ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

አንጓች፦ አራተኛም በል። ሥራ የለኝም፣ ስትቆጥር እሰማለሁ።

ይስማው፦ ሰዎቹ ሲመጡ ታንኳውን ከነአንቺ አንስተው ዳር ያስቀምጡታል። ያኔ በሰው ፊት ታፍሪያለሽ።

አንጓች፦ እኔ ምን በወጣኝ አፍራለሁ? የእህቱን ደንገል ሊያሳጭድ ሰው የጠራው ይፈር።

ይስማው፦ ደቦ ነው የጠራሁት። ደቦ መጥራት ነውር ሆነ እንዴ?

አንጓች፦ ለምን ሥራ እንደጠራሃቸው ነግረሃቸዋል?

ይስማው፦ ሲደርሱ ይነገራቸዋል።

አንጓች፦ እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው። ነግረሃቸዋል ወይ?

ይስማው፦ «ማክሰኞ ጠዋት ደቦ አለኝ፣ ኑልኝ» አልኳቸው። ሰው ለሰው ሲደርስ ምን ያስጠይቃል? ማጭዱን እኔው ራሴ ከአማቶቼ አገር ተውሼ ይኸው አምጥቻለሁ። ትናንት ሄጄ፣ እዚያው አድሬ፣ ቤቴን እንኳ ሳልረግጥ በቀጥታ ወደዚህ መምጣቴ ነው።

አንጓች፦ እዚህ መንደር ማጭድ ጠፍቶ ነው አማቶችህ አገር ድረስ የኳተንከው? እዚህ ብትዋስ «በጥር ምን ልታጭድ ነው?» ይሉህ ነበራ። መልስ አልነበረህም።

ይስማው፦ መልስ አለኝ። ሃያ ሰው ጠርቻለሁ፤ ለሃያውም እመልሳለሁ።

አንጓች፦ ሃያ ሁለት ናቸው።

ይስማው፦ ሃያ ነው የጠራሁት።

አንጓች፦ ሃያ ሁለት ናቸው። ጎረቤትህ ይመኑና ወንድሙ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ጠላ ካለ እነሱ የሉም እንዴ?

ይስማው፦ ይሁና። ሃያ ሁለት ከሆኑ ቶሎ ያልቃል። ለመሆኑ ደንገሉን እንደማሳጭድ ማን ነገረሽ?

አንጓች፦ ሚስትህ አዱኛ። ትናንት ልጆቿን ላጥብላት ስገባ እያለቀሰች ነገረችኝ።

ይስማው፦ አራስ ናት፤ በሆነው ባልሆነው ታለቅሳለች።

አንጓች፦ እሱን ለሷ ንገራት።

ይስማው፦ እታለም፣ ስሚኝ። እኔ ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከነሱ ጋር ነው። ስሚያቸው እስቲ፣ ይኸው ደንገልሽ ውስጥ ሆነው ይንጫጫሉ። ሽንብራዬን አንድ በአንድ ግጠው፣ ከርሳቸውን ሞልተው፣ ይሄ ሁሉ ዝይ ያደረው አንቺ ዘንድ ነው።

አንጓች፦ የኔንም በልተዋል። ከላይ ያለችኝን ማሳ በምላስ የተላሰች አስመስለዋታል።

ይስማው፦ ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ማጭድ ይዘሽ ቀድመሽኝ መግባት ነበረብሽ።

አንጓች፦ እኔማ ሽንብራዬን ማን እንዳስበላው አውቃለሁ።

ይስማው፦ ማነው?

አንጓች፦ አንተ።

ይስማው፦ እሰይ። ደግሞ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስግጥ አየሽኝ?

አንጓች፦ ያን ቦይ ማን ቆፈረው? ከዋርካው ሥር የሚፈልቀውን ውሃ ጎትቶ ሐይቅ ውስጥ የሚደፋውን። ኅዳርን ሙሉ ዶማ ይዘህ የከረምከው አንተ አይደለህም?

ይስማው፦ የገዛ ድርሻዬ ነው። አባታችን ሲሞት ሽማግሌ ተቀምጦ አካፈለን። ደንገሉ ላንቺ፣ ጨፌው ለኔ። ጨፌዬን አደረቅኩ፣ አረስኩ። ካንቺ መሬት አንድ ስንዝር ነክቻለሁ? ነክቼ ከሆነ ንገሪኝ።

አንጓች፦ መሬቴን አልነካህም። ውሃውን ነው የወሰድከው። ደንገሉ እግር ሥር አምና እስከ ጉልበቴ ይደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ጭቃ ነው። እይ፣ ተረከዜን እንኳ አላራሰውም።

ይስማው፦ ውሃ የማንም አይደለም።

አንጓች፦ አባታችን ምን ብሎን ነበር?

ይስማው፦ አባታችን ብዙ ነገር ይል ነበር።

አንጓች፦ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ያንተን እጅ በቀኙ፣ የኔን በግራው ይዞ ያለውን ነው የምልህ። ካፍህ ይውጣ።

ይስማው፦ «ከዋርካው በታች ማረሻ እንዳይገባ» አለ።

አንጓች፦ አንተስ?

ይስማው፦ «እሺ» አልኩት። የሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል?

አንጓች፦ «እሺ» አልከው። ከዚያ አርባው እንኳ ሳይወጣ በሬ ጠምደህ ወረድክ። እኔ ለአርባው እህል ሳስፈጭ፣ አንተ እሱ የከለከለህን መሬት ትገለብጥ ነበር። ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩህ አላውቅም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ይስማው፦ እሱ ያን ሲል ሁለት ልጅ ባንድ ቀን እንደሚመጣብኝ አላወቀም። እኔም አላወቅኩም። ከላይ ያለችው መሬት እኔንና አዱኛን ብቻ እንኳ ከሰኔ አታሻግርም። ጨፌው ደግሞ ባዶውን ተኝቶ የማንም አገር ዝይ ይቀለብበታል። አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

አንጓች፦ መጥቼ ታላቄን እጠይቅ ነበር።

ይስማው፦ ብጠይቅሽ «አትረስ» ነበር የምትይኝ።

አንጓች፦ አዎ።

ይስማው፦ ታዲያ ምን ልጠይቅሽ?

አንጓች፦ «አትረስ» ብዬ አልተውህም ነበር። ቁጭ ብለን እንመክር ነበር። አንተ ግን ከዶማህ ጋር መከርክ።

ይስማው፦ ይሄ አሁን ያለፈ ነገር ነው። ዛሬ የማወራሽ ስለ ደንገሉ ነው። ደንገሉ ከሌለ ማደሪያ የላቸውም፤ ማደሪያ ካጡ ይሄዳሉ። ዛሬ ይታጨዳል፣ በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ እሳት ይለቀቅበታል። በሳምንቱ አንድ ዝይ ካየሽ እኔን ጥሪኝ።

አንጓች፦ ጨፌውን ስታደርቅም ይሄንኑ ነበር ያልከው። «ይደርቅባቸውና ይሄዳሉ» ብለህ ለአዱኛ ነግረሃት ነበር። ሄዱ?

ይስማው፦ ወዳንቺ ዞሩ እንጂ።

አንጓች፦ ከዚህ ስታባርራቸውስ ወዴት የሚዞሩ ይመስልሃል? እዚያው ማሳህ ላይ ነው የሚያድሩት። ለቁርሳቸው መብረር እንኳ ይቀርላቸዋል።

ይስማው፦ የዝይ ጠበቃ ሆነሽ አረፍሽው።

አንጓች፦ ዝይ ምኔ ነው? እኔ የምሟገተው ለራሴ ነው። ግን ዓይን አለኝ፤ አያለሁ። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጋመስ ይመጣሉ፤ መጋቢት ሲጠባ ይሄዳሉ። ከየት እንደሚመጡ አላውቅም። እነዚያ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ፣ መነጽር ያንጠለጠሉት ሰዎች፣ ውሃው በብርድ ድንጋይ ከሚሆንበት አገር ነው ይላሉ፤ ይሁን። እኔ የማውቀው እዚህ ከደረሱ በኋላ ያለውን ነው። ጨፌው ላይ፣ ለጥ ባለው ውሃ መሃል ቆመው ያድሩ ነበር። ቀበሮ ቢመጣ ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ይሰሙታል። ሲነጋ እዚያው ሣሩን ይግጣሉ፣ ሥሩን ይነቅላሉ፣ ውለው እዚያው ያድራሉ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ሽንብራ ላይ ወጥተው አይቼ አላውቅም። አንተስ አይተሃል?

ይስማው፦ አላስታውስም።

አንጓች፦ ታስታውሳለህ። ልጅ ሆነህ ሽንብራ ስትጠብቅ የምታባርረው ዝንጀሮና ርግብ ነበር። ዝይ አባረህ ታውቃለህ?

ይስማው፦ ዘንድሮ ቁጥራቸው በዝቷል።

አንጓች፦ ቁጥራቸው አልበዛም። ቦታቸው ነው ያነሰው። እኔ ዘንድ ማደሪያ አለ እንጂ መብል የለም፤ ደንገል አይግጡም። ሲነጋ ርቧቸው ይወጣሉ፣ ቀና ሲሉ ፊታቸው ያንተ ሽንብራ ነው፣ ከሱ ወዲያ የኔ።

ይስማው፦ ይሄ ሁሉ ያንቺ ግምት ነው።

አንጓች፦ ና ወዲህ። ይሄን እየው።

ይስማው፦ ምንድን ነው?

አንጓች፦ ኩስ ነው።

ይስማው፦ በጠዋት ኩስ ታሳይኛለሽ?

አንጓች፦ ስበረው።

ይስማው፦ አልነካም።

አንጓች፦ እኔ ልስበርልህ። ያንተን ልጆች ጨርቅ ሳጥብ የሰነበትኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ አያስጠላኝም። ይሄ ከዚሁ ከደንገሉ ሥር ያነሳሁት ነው። ውስጡ ምን ይታይሃል?

ይስማው፦ የሽንብራ ቅጠል። ነገርኩሽ እኮ።

አንጓች፦ ይሄኛውስ?

ይስማው፦ ይሄ ሣር ነው።

አንጓች፦ ደህና አድርገህ እየው። የሽንብራ ቅጠል አለበት?

ይስማው፦ የለበትም። ከየት አመጣሽው?

አንጓች፦ ዛሬ ጠዋት ቦይህ አፍ ላይ። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ውሃው ትንሽ ተኝቶ፣ የአንድ ምንጣፍ ያህል ቦታ ላይ ሣር አብቅሏል። አሥራ አንድ ዝይ እዚያ ነው የሚውለው፤ ሦስት ቀን ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ሌሎቹ በላያቸው አልፈው ወደ ሽንብራህ ይበራሉ። ዞር ብለው አላዩትም። ለአንድ ምንጣፍ ሣር ብለው ሽንብራህን የተዉ ናቸው።

ይስማው፦ ዛሬ ጠዋት እኔ ቦይ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?

አንጓች፦ ሰው ላሳይ ሄጄ ነበር።

ይስማው፦ ለማን?

አንጓች፦ ለሚያይ።

ይስማው፦ አሁን ነገር አታጣምሚብኝ። ኩስ ሰብረሽ ልታስተምሪኝ ነው? እኔ ጧት ማታ ማሳ ላይ ቆሜ ጅራፍ ሳጮህ እጄ ተላጧል። ይኸው እይ። አንዱን ጥግ ሳባርር በሌላው ያርፋሉ። አዱኛ ጡቷ ደርቆ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ እዚያ ከወፍ ጋር ድብብቆሽ እጫወታለሁ። ላንቺ ምን አለብሽ? ልጅ የለሽ፣ የሚያለቅስብሽ የለ። ለዝይ ለማዘን ጊዜ አለሽ።

አንጓች፦ ምን አልክ?

ይስማው፦ ምንም።

አንጓች፦ ድገመው።

ይስማው፦ ንዴት ነው ያናገረኝ፣ እታለም።

አንጓች፦ ንዴት እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ውስጥህ የነበረ ነው። እሺ፣ አልወለድኩም። እናታችን ስትሞት አንተ የስምንት ወር ልጅ ነበርክ፣ እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሁለት ጊዜ ባል መጣልኝ፤ ሁለቱንም «ይሄ ልጅ ቆሞ ይሂድ» እያልኩ መለስኳቸው። ቆመህ ስትሄድ ሦስተኛ የመጣ የለም። ይሄን አንድ ቀን ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬም ልነግርህ አልፈለግኩም ነበር። አሳመምከኝ፣ ይስማው። በጣም አሳመምከኝ።

ይስማው፦ አላወቅኩም ነበር።

አንጓች፦ አላወቅክም። ምን በልተህ እንዳደግክስ ታውቃለህ? ይሄን ደንገል ነው የበላኸው። እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ እያጨድኩ፣ ለታንኳ ሠሪዎች እያስረከብኩ፣ በምትኩ የሚሰፍሩልኝን ጤፍና ዳጉሳ ነው ያበላሁህ። አባታችን ታሞ በተኛበት ሁለት ዓመትም የበላነው ይሄንኑ ነው። አሁንም እንጀራዬ እሱ ነው፤ ሌላ የለኝም። ውሃ የሸሸው ደንገል እሳት ከገባበት ሥሩም አይተርፍም። አንተ ዛሬ ልታጭድ የመጣኸው ዝይ አይደለም፤ እኔን ነው።

ይስማው፦ እንዲህ አትበይ።

አንጓች፦ ታዲያ እንዴት ልበል? አንተ ንገረኝ፣ እንዳልክ እላለሁ።

ይስማው፦ እኔስ ምን ልሁን? አንድ መንገድ አሳዪኝ። ከጨፌው ውስጥ አንዲት እግር ሽንብራ አልቀረችኝም። ጨርሰውታል። ኅዳርን ሙሉ ቆፍሬ፣ አርሼ፣ ዘርቼ፣ ያገኘሁት ጭድ እንኳ የለም። የቀረችኝ የላይኛዋ ብቻ ናት፤ እሷም በግማሽ ተግጣለች። እሷን ካጣሁ አለቀልኝ። ለዚህ ነው ማጭድ ያነሳሁት። ሌላ አልታየኝም።

አንጓች፦ ጨፌው ላይ የቆመ ነገር የለህም?

ይስማው፦ የለኝም አልኩሽ።

አንጓች፦ ደህና። እሱን ካንተ አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

ይስማው፦ ምን ያደርግልሻል?

አንጓች፦ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

ይስማው፦ አልገባኝም። ኧረ እነዚህ ሰዎችስ የት ቀሩ? ፀሐይዋ አናቴን ልትመታኝ ነው።

አንጓች፦ አይቀሩም። የመንደሩ ሰው ከደቦ ቀርቶ ያውቃል?

ይስማው፦ አዱኛ «ሲመጡ ወደ ደንገሉ እልካቸዋለሁ» ብላኝ ነበር። ረስታ ይሆናል። ለመሆኑ ጠላው ደርሷል?

አንጓች፦ ደርሷል። ሁለት ጋን።

ይስማው፦ ዳቦውስ?

አንጓች፦ ዳቦውም። የባቄላ ንፍሮም ጨምሬበታለሁ።

ይስማው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

አንጓች፦ አሜን።

ይስማው፦ ምን ያስቅሻል?

አንጓች፦ አልሳቅኩም። አሁን ምን ብለህ እንዳመሰገንከኝ ቆም ብለህ አስበው። ደንገሌን የሚያጭድ ደቦ ጠራህ። ጠላውን ማን ይጥመቅ አልክ?

ይስማው፦ አዱኛ አራስ ናት።

አንጓች፦ ማን ይጥመቅ አልክ?

ይስማው፦ መቼም የሚጠምቀው አንቺ ነሽ። እኔ... አላሰብኩትም።

አንጓች፦ አላሰብከውም። የሠርግህን እኔ፣ ቤትህ ሲሠራ እኔ፣ ለአባታችን አርባ እኔ። ከሳምንት በፊት ለአዱኛ «እታለም ትጠምቃለች» ብለሃት፣ ትናንት ማጭድ ፍለጋ ሄድክ። እኔን ልታጠፋ ስትነሳ እንኳ፣ ከኔ ውጭ የሚያበላህ ሰው በሐሳብህ አልመጣልህም። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ደግሞ ያስለቅሰኛል። የቱን እንደማስቀድም አላውቅም።

ይስማው፦ ቆይ። ስሚ። ይዘፍናሉ። መጡ ማለት ነው።

አንጓች፦ ወደዚህ እየቀረበ ነው?

ይስማው፦ አይደለም። ባለበት ነው። ከዋርካው በኩል ነው። እዚያ ምን ይሠራሉ?

አንጓች፦ ጎህ ሲቀድ አንተ ቤት መጡ። አዱኛ ስለ ደንገል ያለቻቸው ነገር የለም፤ ጠላ ወዳለበት ወደኔ ቤት ላከቻቸው። ደቦ ነው፣ ጠላ ያለበት ቤት ነው የሚሰበሰበው። አቀመስኳቸው። «ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ። አንተ አልነገርካቸውማ።

ይስማው፦ ምን አልሻቸው?

አንጓች፦ «ይስማው የአባቱ ቃል ከብዶት ቦዩን ሊያስደፍን ነው» አልኳቸው። ቦዩ አፍ ድረስ ወስጄ ኩሱን ሰብሬ አሳየኋቸው። አንተ አልነካም ያልከውን ሃያ ሁለት ሰው እየተቀባበለ አየው። ያኔ ያካፈሉን ሽማግሌ፣ አያ ፈንቴ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ዶማቸውን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

ይስማው፦ ዋሸሽ።

አንጓች፦ ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ እናገረዋለሁ።

ይስማው፦ ሄጄ አስቆማቸዋለሁ።

አንጓች፦ ሂድ። ማን ያዘህ? «የጠራኋችሁ የእህቴን ደንገል እንድታጭዱልኝ ነው፤ የጠጣችሁትም የሷን ጠላ ነው» በላቸው። አያ ፈንቴ ፊት ቆመህ በላቸው።

ይስማው፦ እንዲህ ታደርጊኛለሽ?

አንጓች፦ ውሃው በሳምንት ውስጥ ጨፌው ላይ ይተኛል፤ የሚያጠፋብህ ሰብል እንደሌለ ካፍህ ሰምቻለሁ። ሣሩ ይመለሳል፣ እነሱም ወደ ሣራቸው ይወርዳሉ። የላይኛዋ ማሳህ ትተርፍልሃለች፤ የኔም። ደንገሉን በወቅቱ አብረን እናጭዳለን፤ ግማሹ የልጆችህ ነው። ይሄን የምልህ በርዶልኝ እንዳይመስልህ። ያልከኝን አልረሳውም፤ ለረጅም ጊዜ አልረሳውም። ግን ልጆችህ ምን አጠፉ?

ይስማው፦ የሚዘፍኑት... ስሜን ነው የሚጠሩት?

አንጓች፦ የደቦ ዘፈን የጠራውን ሰው ማሞገስ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው? «የአባቱን ቃል ያልጣለ» እያሉህ ነው። ዶማ ሊያመጡ ሲነሱም እንዲሁ ነበር የሚሉህ።

ይስማው፦ አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ?

አንጓች፦ ባለህ ፊት። ማጭዱን እዚህ ጣለው፣ ለአማቶችህ እኔ አደርስልሃለሁ። ታንኳው ውስጥ አካፋ አለልህ፤ አንሳና ድረስ፣ ደቦህ ያላንተ ጀምሯል።